ጥያቄና መልስ፦ ከሽምብጥ ተነስቶ የኦርኬስትራ ኮንዳክተር መሆን ይቻላል ወይ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉም ከባህር ዳርና ከጣና ዳር የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ እሱ ይወስዳል፣ ሌሎቻችሁ ለሚቀጥለው ወር ታገሱኝ። ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከሽምብጥ ነው የምጽፍልዎ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ሶስተኛ አመት ተማሪ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሞ በቸርቻችን ኳየር ኪቦርድ እመታለሁ። በቀደም ዩቲዩብ ላይ አንዲት ሴትዮ አየሁ፣ ለህዝቡ ጀርባዋን ሰጥታ ፒያኖ የሚመስል ግን ድምፁ እንደ ክራር ቆንጠር ቆንጠር የሚል ነገር እየመታች በዛው ኦርኬስትራውን ትመራለች፣ እጇ ሲያዝባት በጭንቅላቷና በአይኗ ነው የምትመራው። ከስር የባሮክ ኮንዳክተር ይላል። ከዛን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ይሄ ስራ ምንድነው? እንዴት ነው የሚገባበት? አባቴ "እጅ ማወናጨፍ ደሞ ሙያ ሆነ" ይለኛል። ከባህር ዳር ተነስቶ የሚቻል ከሆነ ይንገሩኝ፣ ካልሆነም እውነቱን ይንገሩኝና ልተወው።

መልስ፦ ልጄ፣ አትተይው። እውነቱን ስላልሽ ግን መንገዱ ረጅም መሆኑን አልደብቅሽም፣ ለዛ ነው ዘርዘር አድርጌ የምጽፍልሽ።

መሳሪያው ሃርፕሲኮርድ ይባላል። ፒያኖ ገመዱን በመዶሻ ነው የሚመታው፣ ይሄኛው ግን ድሮ ከወፍ ላባ በሚሰራ ትንሽ ጥፍር ገመዱን ይቆነጥጠዋል፣ ክራር ያልሽው ጆሮሽ ልክ ነው። ቁልፉን ጠንክረሽ ብትመቺውም ለስለስ አድርገሽ ብትነኪውም የድምፁ ጉልበት ብዙም አይለወጥም፣ ስለዚህ ተጫዋቹ ስሜት የሚያመጣው በጊዜ ነው፣ አንዷን ኖታ ትንሽ ያዘገያታል፣ ሌላዋን ያስረዝማታል፣ አንዷን ቶሎ ይለቃታል። በባሮክ ዘመን ማለትም ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ዛሬ የምናውቀው በትር ይዞ ከፊት የሚቆም ኮንዳክተር አልነበረም፣ የሚመራው ወይ ሃርፕሲኮርድ ላይ የተቀመጠው ነው ወይ የመጀመሪያው ቫዮሊን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሉሊ የሚባለው የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሙዚቀኛ ደግሞ በረጅም ዘንግ ወለል እየመታ ይመራ ነበር፣ አንድ ጊዜ የገዛ እግሩን መታና ቁስሉ አመርቅዞ በ1687 ሞተ። በትሩ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ኦርኬስትራው እየበዛ ሲሄድ። ያየሻት ሴትዮ እንግዲህ አዲስ ነገር አልፈጠረችም፣ ሙዚቃው በተጻፈበት ዘመን ይመራ በነበረው መንገድ ነው የመራችው።

አባትሽ እጅ ማወናጨፍ ያሉት የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ስራው ግን ማንም ሳያይ ከወራት በፊት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጀምረው። ኮንዳክተሩ ስኮር የሚሉትን ሙሉውን ኖታ ይዞ ይቀመጣል፣ አንድ ገጽ ላይ የፍሉቱም፣ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሳሪያም፣ የቫዮሊኑም የዘፋኙም መስመር ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ 15 ወይ 20 መስመር ሊሆን ይችላል፣ ያንን ሁሉ ያለ መሳሪያ በጭንቅላቱ መስማት አለበት። የቱ ጋ ነው ኦቦው ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የቱ ጋ ነው ቫዮሊኖቹ ደጋናቸውን የሚስቡት የቱ ጋ ነው የሚገፉት፣ የሚዘፈነው የጀርመንኛ ግጥም የቱ ቃል ላይ ነው ጠበቅ የሚለው፣ ይሄን ሁሉ በእርሳስ እያሰመረ ይጨርሳል። ልምምዱ ራሱ ከዛ በኋላ የጥቂት ቀን ነገር ነው። ተጋብዞ የሚመጣ ኮንዳክተር ብዙ ጊዜ የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ይደርስና ሳምንቱ ሳያልቅ ኮንሰርት አለው፣ በዛች ጊዜ ውስጥ ከዚህ በፊት አይቷቸው ከማያውቅ 80 ሰዎች መሃል የቱ ቫዮሊን ዝቅ ብሎ እንደተጫወተ ሰምቶ ሰውየውን ሳያሸማቅቅ ማረም አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረብ ብለሽ እይልኝ። ሙዚቃው ሊጀመር ነው፣ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ኮንዳክተሩ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ አብሮ አየር ይስባል። ያቺ አንዲት ትንፋሽ ናት ፍጥነቱን የምትናገረው፣ ሙዚቃው ቁጡ ይሁን ለስላሳ የምትናገረው፣ መዘምራኑም መሳሪያ የሚነፉትም አብረው ይተነፍሳሉ፣ እጁ ሲወርድ ሁሉም አንድ ላይ ይገባሉ። ትንፋሹ ካመነታ እጁ የፈለገውን ያህል ቢያምር አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ሌላ ቪዲዮ ስታይ እጁን ተይውና ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ያለችውን ትንፋሽ ፈልጊ። ይሄ መስታወት ፊት ቆሞ የሚለመድ ነገር አይደለም፣ ሰው ፊት ቆመሽ ነው የምትማሪው፣ ስለዚህ ሰው ያስፈልግሻል።

ዋናው ልነግርሽ የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። በድሮ ሙዚቃ፣ ማለትም በባሮክና በመሳሰለው፣ ዛሬ ስማቸው የሚጠራ ሰዎች አብዛኞቹ "ኮንዳክተር እሆናለሁ" ብለው በትር ገዝተው አይደለም የጀመሩት፣ መሳሪያ ተጫዋች ወይ ዘፋኝ ነበሩ፣ የሚመሩት ቡድን ስላልነበረ ራሳቸው ሰው ሰብስበው ፈጠሩት። ኒኮላውስ አርኖንኩር ከ1952 እስከ 1969 በቪየና ሲምፎኒ ውስጥ ቼሎ ተጫዋች ነበር፣ ማለትም ሌላ ሰው የሚመራው ተቀጣሪ። በ1953 ከባለቤቱ ከአሊስ ጋር፣ እሷ ቫዮሊን ነው የምትጫወተው፣ ኮንሴንቱስ ሙዚኩስ የሚባለውን ቡድን መሰረተና የድሮ መሳሪያ እየፈለጉ ቤት ውስጥ ይለማመዱ ጀመር፣ ህዝብ ፊት የቀረቡት ግን በ1957 ነው፣ አራት አመት ሙሉ ልምምድ ብቻ ማለት ነው። ያ ቼሎ ተጫዋች በኋላ የቪየና ፊልሃርሞኒክን የአዲስ አመት ኮንሰርት በ2001 እና በ2003 መርቷል። ሴቶቹንም ልንገርሽ፣ አንቺን የሚመለከት ስለሆነ። ኤማኑኤል አይም ሃርፕሲኮርድ ተጫዋች ናት፣ መጀመሪያ በዊልያም ክሪስቲ ቡድን ውስጥ አጃቢ ሆና ሰራች፣ በ2000 ለ ኮንሴር ዳስትሬ የሚባለውን የራሷን ቡድን መሰረተች፣ በ2008 የበርሊን ፊልሃርሞኒክን መራች። ናታሊ ስቱትዝማን ደግሞ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ ነበረች፣ በ2009 የራሷን ቡድን አቋቋመች፣ ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የአትላንታ ሲምፎኒ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆነች።

ከአውሮፓ ውጪ ያለ ሰው ይችላል ወይ ለሚለው እኔ ሁሌ የምጠራው ማሳኣኪ ሱዙኪን ነው። ጃፓናዊ ነው፣ ኮቤ ተወልዶ በልጅነቱ በቸርች ኦርጋን ይመታ ነበር፣ ያው እንዳንቺ ማለት ነው። ቶክዮ ተማረ፣ ከዛ አምስተርዳም ሄዶ ከቶን ኮፕማን ዘንድ ሃርፕሲኮርድ ተማረ፣ ሀገሩ ተመልሶ በ1990 በጀርመናዊው የባሮክ ሙዚቃ ደራሲ በባኽ ስም የተጠራውን ባኽ ኮሌጂየም ጃፓን የሚባል ቡድን አቋቋመ። ከ1995 እስከ 2013 የባኽን የቤተክርስቲያን ካንታታዎች፣ ዘፋኝና መሳሪያ አብረው የሚያቀርቧቸውን ስራዎች፣ በሙሉ ቀረጹ፣ 200 አካባቢ ናቸው፣ ዛሬ ጀርመኖች ራሳቸው ቁጭ ብለው የሚሰሙት ቅጂ ነው። አገሩ ውስጥ የባኽ ባህል ስላልነበረ ተዘጋጅቶ የጠበቀው ቡድን አልነበረም፣ ራሱ ሰርቶ ነው ያመጣው።

አሁን ባህር ዳር ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ? ከኳየሩ ኖታ ለመማር ትዕግስት ያላቸውን ስምንት ወይ አስር ልጆች ምረጪ፣ ሶፕራኖ አልቶ ቴነር ባስ የሚሞላ። ቫዮሊን የለም ሃርፕሲኮርድ የለም ብለሽ አትቁሚ፣ ከድሮ ሙዚቃ ብዙው የተጻፈው ለሰው ድምፅ ነው። ከባኽ ኮራሎች ጀምሪ፣ የቤተክርስቲያን መዝሙሮች ናቸው፣ አጫጭር ናቸው፣ አራት ድምፅ ብቻ ናቸው፣ ግን እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ዜማ ስላለው ባሱን የያዘው ልጅም አይሰለችም። ኖታው በነጻ ነው፣ አይ ኤም ኤስ ኤል ፒ በሚባለው የኖታ ድረ ገጽ ላይ የቅጂ መብቱ ያለፈ ስንትና ስንት ሺህ ስራ አለ፣ በስልክሽ አውርደሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ታሳትሚዋለሽ። አራቱንም ድምፅ አንድ በአንድ ራስሽ መዝፈን ሳትችይ ልጆቹ ፊት አትቁሚ። ኪቦርድሽ ላይ ደግሞ ሪትሙንም፣ ጣትሽ ሳይቀየር ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ትራንስፖዙንም ዝጊያቸው፣ ይሄን የምለው አጥብቄ ነው፣ እኛ ጋ ብዙ ጎበዝ ልጅ በትራንስፖዝ ቁልፍ ምክንያት ሁለት ሶስት ስኬል ብቻ እያወቀ አመታት ያልፉታል። ሃርፕሲኮርድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ፊቱ የሚጠብቀው የባስ መስመር ብቻ ነው፣ ከላዩ ወይ ከስሩ 6 ወይ 7 ወይ 4 እና 3 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፣ ግራ እጁ የተጻፈውን ይመታል፣ ቀኝ እጁ ቁጥሩን አይቶ አኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ እዛው ይፈጥራል። ይሄ ከሁሉም ስኬል ጋር ጓደኛ ላልሆነ ሰው አይሞከርም፣ አንቺ ግን ቸርች ውስጥ ዘማሪ ተከትለሽ መምታት ስለለመድሽ ግማሹን ይዘሽዋል ብዬ ነው የማምነው።

ዲግሪሽን ጨርሺ። ከዛ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፣ ሶልፌጁን (ኖታ አይቶ መዝፈንን) ሃርመኒውን ፒያኖውን እዛ ታጠነክሪዋለሽ። ሀገራችን ለዚህ ነገር ፍጹም እንግዳ አይደለችም፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በነሐስ መሳሪያ በኖታ ሲጫወቱ ነው አንዱ በር የተከፈተው፣ በኋላም የያሬድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ሙዚቃ ደራሲም ተመራማሪም ነበር። ለባሮክ ግን መጨረሻ ላይ ውጪ መውጣት ግድ ነው፣ መሳሪያውም መምህሩም እዛ ነው ያለው። ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ በ1933 የተመሰረተ ለድሮ ሙዚቃ ብቻ የሚያስተምር ስኮላ ካንቶሩም የሚባል ትምህርት ቤት አለ፣ ሆላንድ ሄግ ያለው ሮያል ኮንሰርቫቶሪም በዚህ የታወቀ ነው። የሚቀበሉሽ በወረቀት ብቻ አይደለም፣ ተጫውተሽ ነው፣ ስለዚህ ኮንዳክቲንግ ብለሽ ሳይሆን በኪቦርድ መሳሪያ አመልክቺ። ቋንቋውን ደግሞ ከዛሬ ጀምሪ፣ ጀርመንኛ ወይ ጣልያንኛ አንዱን ያዢ፣ የምትመሪያቸው ዘፋኞች ምን እያሉ እንደሆነ ሳይገባሽ ትንፋሽ ልትሰጫቸው አትችይም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመጽሔቱ። የዘጌ ልጅ ነኝ፣ ዲያቆን ነኝ፣ አቋቋም ተምሬያለሁ። እዚህ ባህር ዳር አንድ ወዳጄ ፈረንጆች የ300 እና የ400 አመት ሙዚቃ ልክ እንደ ድሮው እየተጫወቱ ነው ብሎ አስደመጠኝ፣ በጣም ደስ ይላል። ግን ቴፕ በሌለበት ዘመን የተዜመውን እንዴት አወቁት? የኛ እኮ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነው የመጣው። ደግሞስ ከኛ ቤት የወጣ ሰው ወደዚህ ሙያ ቢገባ ይዞት የሚሄደው ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልክ የባለሙያዎቹ ጥያቄ ነው። እነሱ ጋ ያ ከአፍ ወደ ጆሮ ያልከው ሰንሰለት ተቆርጦባቸዋል። ባኽ በ1750 ሞተ፣ ትላልቆቹ ስራዎቹ ህዝብ ፊት ሳይሰሙ ብዙ ዘመን ቆዩ፣ የማቴዎስ ወንጌል ሕማማቱን ጀርመናዊው ሙዚቃ ደራሲ ሜንዴልስዞን ገና በ20 አመቱ በ1829 በርሊን ላይ መልሶ አሰማው፣ ግን ቆራርጦ፣ በራሱ ዘመን አጨዋወት። የድሮው አጨዋወት ራሱ ምን ይመስል ነበር የሚለው በሰፊው የተጠየቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መምህር ስለሌለ መጽሐፍ ፈለጉ፣ ክቫንትስ በ1752 ስለ ፍሉት፣ የባኽ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በ1753 ስለ ኪቦርድ፣ የሞዛርት አባት ሊዮፖልድ በ1756 ስለ ቫዮሊን የጻፏቸው የማስተማሪያ መጻሕፍት ተገኙ። እዛ ውስጥ ኖታው ላይ የሌለ ነገር ሁሉ አለ። ለምሳሌ የፈረንሳይ ሙዚቃ ላይ እኩል ሆነው የተጻፉ ኖታዎች ሲጫወቱ አንዱ ይረዝማል አንዱ ያጥራል፣ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው በፍጹም አያገኘውም። ይሄ ላንተ ግልጽ ነው፣ ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የተጻፈችዋን ምልክት ያየ ሁሉ አያዜማትም፣ ምልክቷ ዜማውን የምታስታውሰው ቀድሞ ከመምህሩ ለተቀበለው ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን ምልክቱን ሲያደራጁ መምህሩን ለመተካት አልነበረም።

ከዛ መሳሪያውን መለሱት። የባሮክ ቫዮሊን ገመዱ እንደ በገና ጅማት ከበግ አንጀት ነው፣ ድምፁ ሞቅ ያለና ሻካራ፣ እርጥበት ሲነካው ወዲያው ቅኝቱ ይዛባል፣ ኮንሰርት መሃል ቆመው የሚቃኙት ለዛ ነው። ቅኝቱም ዝቅ ይላል፣ የዛሬ ኦርኬስትራ ላ የሚለውን ድምፅ በሰከንድ 440 ንዝረት ላይ ሲቃኝ የባሮክ ቡድኖች ብዙ ጊዜ 415 ላይ ነው፣ ግማሽ ቶን ያህል ማለት ነው፣ በድሮው ዘመን ግን ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር፣ 415 ዛሬ የተስማሙበት ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብታየው ደስ ይልሃል። ባኽ የማቴዎስ ሕማማትን በ1736 ገደማ በገዛ እጁ በንጽህና ሲገለብጥ የወንጌሉን ቃል በቀይ ቀለም ነው የጻፈው፣ ሌላው ጥቁር ነው። የእጅ ጽሑፉ በርሊን ቤተ መጻሕፍት አለ፣ በኢንተርኔት ገጽ በገጽ ይታያል። እዛው ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምህረት ብራናውን ገልጠህ የእመቤታችንን ስም በቀይ ያነበብክ ልጅ ያንን ገጽ ስታይ ማንም ሳያስረዳህ ጸሐፊው ምን እያደረገ እንደነበረ ይገባሃል። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ይዘህ የምትሄደው እንግዲህ ጆሮህን፣ ረጅም ዜማ በቃል የመያዝ ችሎታህንና ሰውነትህን ነው። መቋሚያው ሲነሳ ጸናጽሉ ሲመታ ከበሮው እየቀረበ ሲሄድ ሁሉም በአንድ ልብ የሚፈጥነው ማን ምልክት ሰጥቶት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ መሪጌታው አንድ ቃል አይናገርም። ያ ነገር ኮንሰርቫቶሪ ውስጥ ብዙ አመት የሚፈጅ ትምህርት ነው። የአምስት መስመሩን ኖታ ግን ከሀ ትጀምረዋለህ፣ አቋራጭ የለውም። የያሬድን ዜማ ወስጄ በሃርመኒ ላቀናብረው የሚል ሀሳብ ቢመጣብህ ደግሞ መጀመሪያ መምህራኑን ጠይቅ፣ እኔ በበኩሌ እንዳለ ቢቆይ ነው የምወደው፣ የነሱ ሰዎች ያጡትን ሰንሰለት እኛ ገና በእጃችን ይዘነዋል።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። ልጄ 14 አመቱ ነው፣ ት/ቤት ማሲንቆ ይጫወታል፣ አሁን ኮንዳክተር ካልሆንኩ ይላል። አልከለክለውም ግን እናት ነኝና እንጀራ ይሆናል ወይ? ደግሞ አንድ ሰው ፍጹም ጆሮ ያልተሰጠው አይሞክረው አለኝ። ከግሽ አባይ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ከዓለም አቀፍ ኮንዳክተሮች ቋሚ ደመወዝ ያለው ጥቂቱ ነው፣ አንድ ኦርኬስትራ የሙዚቃ ዳይሬክተር አድርጎ ለተወሰኑ አመታት ሲዋዋለው። ሌላው በየኮንሰርቱ የሚከፈል ነው፣ ወኪል አለው፣ ቀጠሮው ሁለት ሶስት አመት ቀድሞ ይያዛል፣ ኮንሰርቱ ከተሰረዘ ግን ገንዘቡም አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ በ2020 በኮሮና ጊዜ ብዙዎቹ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። የድሮ ሙዚቃ ቡድኖች ደግሞ ከሲምፎኒዎቹ ያነሱ ናቸው፣ 20 ሰው ቢሆኑ ነው፣ ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ቋሚ ተቀጣሪ አይደሉም፣ መሪው ራሱ ድጋፍ ይጠይቃል፣ ለፌስቲቫል ይጽፋል፣ ሻንጣ ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ስለዚህ ብዙዎቹ ያስተምራሉ። ልጅዎ ሙዚቃ ማስተማር የሚችል ሆኖ ካደገ እንጀራው ከዛ አይጠፋም፣ ኮንዳክተርነቱ በላዩ ይመጣል።

ፍጹም ጆሮ ያስፈልጋል ያለዎት ሰው ተሳስቷል። ድምፅ ሲሰማ ስሙን ወዲያው መጥራት ስጦታ ነው፣ ግን ስራው የሚፈልገው አንዱ ድምፅ ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ መስማት ነው፣ እሱ ደግሞ በልምምድ ይመጣል። እንዲያውም 415 ላይ በሚቃኝ ቡድን ውስጥ ፍጹም ጆሮ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይቸገራል፣ ኖታው ላይ ላ እያየ ጆሮው ሌላ ስም ይነግረዋል። ማሲንቆ ደግሞ ጥሩ መነሻ ነው፣ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የሚነግረው ምልክት ስለሌለ በጆሮው ነው የሚፈልገው። ማሲንቆውን አያስቁሙት፣ ኳየር ውስጥ ያስገቡት፣ ኖታ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጉለት፣ 16 ሲሞላው በድጋሚ ይጻፉልኝና ያኔ ስለ ትምህርት ቤት እንነጋገራለን።